ቀለህና ባሩድ፤ የተተኮሰ ጥይትን መልሶ ስለ መሙላት

በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮጳ አገሮች የተተኮሰ ጥይት ቀለህን ሰብስቦ በቤት ውስጥ ማጽዳት፣ ዳግመኛም ባሩድና እርሳስ ሞልቶ ለዒላማ ተኩስና ለአደን ማዋል የታወቀ የዕረፍት ሰዓት መዝናኛ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆኑ መሣሪያዎች በሱቅ ይሸጣሉ፤ ስለ አሠራሩም ብዙ መጻሕፍት ታትመዋል። በኢትዮጵያ ግን ይኸው ሥራ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ጥይት ከባሕር ማዶ ብቻ ይመጣ በነበረበት ዘመን ቀለህን መልሶ መሙላት ለባለ ጠመንጃው የኑሮ፣ ለአንጥረኛው የእንጀራ፣ ለመንግሥቱም የነጻነት ጉዳይ ነበር።

የኢትዮጵያን የጦር መሣሪያ ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ጠመንጃውን ነው። ስንት ሺህ ጠመንጃ ገባ፣ ከማን ተገዛ፣ በየትኛው ወደብ አለፈ የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ተጠይቋል። ጠመንጃው ከገባ በኋላ በምን ይተኮስ ነበር የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ያነሰ ትኩረት አላገኘም ለማለት አይቻልም። ዳሩ ግን ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ አይሻልም። ይህ ጽሑፍ ለማስረዳት የሚሞክረውም ይህንኑ ነው፤ ኢትዮጵያ ለጦር መሣሪያዋ የሚያስፈልገውን በገዛ እጇ ታዘጋጅ የነበረችበት ዘመን ያበቃው ጠመንጃ በገባ ጊዜ ሳይሆን ጥይት በገባ ጊዜ ነው። ቀለህን መልሶ መሙላትም ያንን የታጣውን ራስን መቻል በከፊል ለመመለስ የተደረገ ጥረት ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉት «እ. ኤ. አ.» በሚል ምልክት ተለይተዋል።

1፤ ከጥይት በፊት

ነፍጥ በኢትዮጵያ ምድር በሰፊው የታወቀው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። በግራኝ አሕመድ ሠራዊት ውስጥ የቱርክ ነፍጠኞች ነበሩ፤ እ. ኤ. አ. በ1541 ከክርስቶፎሮ ዳጋማ ጋር የገቡት ፖርቱጋሎችም ነፍጥ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በአገሩ የነበረው ጠመንጃ በአመዛኙ በሚነድ ክር እየተለኰሰ የሚተኮስ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ የሚያስፈልጉት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ባሩድ፣ ዓረርና ክር ናቸው።

ባሩድ የሚሠራው ከከሰል፣ ከድኝና ከባሩድ ጨው ነው። ከሰል በየትኛውም ደገኛ ቤት አይጠፋም። ድኝ በአፋር በረሓ ይገኛል። የባሩድ ጨው ደግሞ ከብት ከኖረበትና ከመሳሰለው ስፍራ የተጫረ አፈር በውሃ ታጥቦ፣ ውሃውም ፈልቶ ሲተን የሚቀር ዝቃጭ ነው። እርሳስ ውድና ብርቅ ስለ ነበረ ዓረሩ ብዙ ጊዜ ከብረት እየተቀጠቀጠ ይሠራ ነበር። ክሩ ከጥጥ ይፈተላል። ስለዚህ አንድ ባለ ነፍጥ ጠመንጃውን ከባሕር ዳር ነጋዴ ቢገዛም፣ ጠመንጃውን የሚቀልበው ግን ከራሱ ጓዳ፣ ከጎረቤቱ ቀጥቃጭና ከአገሩ ገበያ ነበር። ነጋዴው መንገድ ቢዘጋበት ወይም ንጉሡ ከባዕድ መንግሥት ጋር ቢጣላ ጠመንጃው ዝም አይልም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የአውሮጳ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ማስቀለጥ የቻሉትም ይህ ሁኔታ ገና ሳይለወጥ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ባሩዱ በአገር ውስጥ የሚገኝ፣ ድንጋይም ቢሆን ሊተፋ የሚችል መሣሪያ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የሚያሳስባቸው ብረቱን ቀልጦ ማየት ነበር እንጂ የሚጐርሰው ነገር አልነበረም።

2፤ ትንሿ የመዳብ ቆብ

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ካፕሱል በምትባል አንዲት ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው። ይህች ቆብ በውስጧ ከባዝቃ የሚሠራ፣ በምት ብቻ የሚነድ ቅመም ይዛለች። የጠመንጃው መዶሻ ሲመታት ትነድና እሳቱን ወደ ባሩዱ ታስተላልፋለች። በዝናብ የሚጠፋው ክር ቀረ፤ ተኳሹም በቅጽበት መተኮስ ቻለ። ነገር ግን ቅመሙን ለመሥራት የሚያስፈልገው ባዝቃና ብርቱ አሲድ፣ ሥራውም የሚጠይቀው ጥንቃቄ በቀጥቃጭ ቤት የሚገኝ አልነበረም። ሰኔ 1860 ዓ. ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ለትግራዩ ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለተባሉት፣ መድፎችና ወደ 850 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ከነባሩዳቸውና ከነካፕሱላቸው ትቶላቸው ሄደ። ስጦታው ታላቅ ነበር። ሆኖም ካፕሱሉ ባለቀ ጊዜ የሚተካው ከዚያው ከባሕር ማዶ ብቻ ነበር።

በሸዋ ይህንኑ ለውጥ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በ1879 ዓ. ም. ወደ እንጦጦ የደረሰው አንድ ሸቀጥ ነው። ግጥም መጻፉን ትቶ በቀይ ባሕር አካባቢ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ አንኮበር ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ከሐረር ሲመለሱ ዕቃውን ያስረከባቸው በእንጦጦ ነው። ራምቦ እንደ ጻፈው ጭነቱ 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። በአንድ ቅፍለት ውስጥ ሁለት ዘመን ተጭኖ መጣ ማለት ነው። ባለ ካፕሱሉ ጠመንጃ ባሩዱንና ዓረሩን ከአገር ቤት ሊያገኝ ይችላል፤ ከውጭ የሚፈልገው ቆቧን ብቻ ነው። ሬሚንግተኑ ግን ቆቧ፣ ባሩዱና እርሳሱ በአንድ የናስ ቀለህ ውስጥ ታሽገው ካልቀረቡለት አይተኩስም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ በጦር ሜዳ ላይ የሚያከራክር አልነበረም። በርቀትም፣ በፍጥነትም፣ ዝናብን በመቋቋምም ባለ ቀለሁ ይበልጣል። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ራስን መቻልን ነው።

3፤ ውጅግራ ስለ ምን ተወደደ

ፈረንሳዮች እ. ኤ. አ. በ1874 ግራ የተባለውን ጠመንጃ ለሠራዊታቸው ሰጡ። እ. ኤ. አ. በ1886 ለበን በተባለው ሲተኩት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ግራዎች ሥራ ፈትተው ቀሩ፤ ከእነዚህም አያሌዎቹ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። የፈረንሳይኛው ፊዚል ግራ በአማርኛ ተናጋሪው አፍ ውጅግራ ሆነ። የእንግሊዙ ስናይደርም ስናድር ተባለ።

ውጅግራ በኢትዮጵያ ውስጥ እጅግ የተወደደው ርካሽና ብዙ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። ከጥይቱ አሠራር የመጣ ምክንያትም አለ። የጥንቱ የስናድርና የማርቲኒ ቀለህ ከስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ የተሠራ ስለ ነበረ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ይቀደዳል፣ ቅርጹም ይበላሻል። የውጅግራ ቀለህ ግን ከአንድ ወጥ ናስ ተስቦ የተሠራ፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ተተኩሶ ሲወጣ ጥቂት ከመንፋቱ በቀር ጉዳት ስለማያገኘው ደጋግሞ ሊሞላ ይችላል። የፈረንሳይ ጦር ራሱ ለልምምድ የተተኮሰውን ቀለህ እየሰበሰበ ያስሞላ ነበር።

የጥይቱ መጠንም ለአገር ቤት ሥራ የማይመች አልነበረም። እርሳሱ 25 ግራም፣ ባሩዱ 5 ግራም ከሩብ ነው። የማርያ ትሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝንና በገበያም እንደ ወቄት ሚዛን ስለሚያገለግል፣ የአንዱ ጥይት እርሳስ ከአንድ ብር ክብደት ጥቂት ያነሰ ነበር ማለት ነው። እርሳስ በጥቂት እሳት ይቀልጣል፤ በመቅረጫ ውስጥ ቢፈስስ ወዲያው ይጠነክራል። ባሩዱም ያው ጥንታዊው ጥቁር ባሩድ ስለ ነበረ አያቶች በሚያውቁት መንገድ ሊዘጋጅ ይችላል። ከጥይቱ አራት ክፍሎች መካከል ሁለቱን፣ ባሩድንና እርሳስን፣ አገር ቤት ሊሰጥ ይችል ነበር። ሦስተኛው፣ ቀለሁ፣ ከውጭ ቢመጣም እስኪሰነጠቅ ድረስ ያገለግላል። በየተኩሱ አዲስ መሆን ያለባት አራተኛዋ ብቻ ናት፤ እርስዋም ካፕሱሏ ናት። ስለዚህ ሺህ ጥይት ከመሸከም ሺህ ካፕሱል መሸከም እጅግ ይቀልል ነበር። አንድ ግመል የሚጭነውን ጥይት የሚያህል ካፕሱል በአንድ ስልቻ ሊያዝ ይችላል።

ይሁን እንጂ የአገር ቤት ሙሌት ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በእጅ የተሠራ ባሩድ ኃይሉ ከጥይት ጥይት ይለያያል፤ ጢሱና ጥቀርሻውም ይበዛል። ባሩዱ ያነሰበት ጥይት ከዒላማው ሳይደርስ ይወድቃል፤ የበዛበት ደግሞ ቀለሁን ይሰነጥቃል፣ አልፎ አልፎም ጠመንጃውንና የተኳሹን ዓይን ያጠፋል። በዚህ የተነሣ አስተዋይ ባለ ጠመንጃ የፋብሪካውን ጥይት ለጦርነት እያስቀመጠ፣ የተሞላውን ለአደን፣ ለሠርግና ለለቅሶ ተኩስ ቢያውለው የሚያስደንቅ አይደለም።

4፤ አንጥረኛውና ባለ ዝናሩ

ቀለህ የሚሞላው እጅ ብረትና ናስ የለመደ እጅ ነው። የተተኮሰውን ካፕሱል ቀለሁን ሳይጎዱ ማውጣት፣ የነፋውን አፍ መመለስ፣ እርሳስን በልክ ማፍሰስ የአንጥረኛና የቀጥቃጭ ሥራ ነው። በደጋው ኢትዮጵያ ግን ይህ ባለ ሙያ እንደሚናቅ የታወቀ ነው። ቡዳ ተብሎ ይሰደባል፤ ከርስትና ከጋብቻ ይገለላል። በሌላ በኩል ዝናር የታጠቀ ሰው ጌታ ነው። በወገቡ ዙሪያ የተሰካው ጥይት ጦረኛነቱንና ሀብቱን በአንድነት ይናገራል። እንግዲህ የጌትነቱ ምልክት በተናቀው ሰው እጅ ይታደስ ነበር።

ይህ ተቃርኖ ለመንግሥትም የተሰወረ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ከአዋጁ ጀርባ የነበረው አሳብ፣ ሠሪን የሚያዋርድ አገር ሁልጊዜ የሌላ ሠሪ ገዢ ሆኖ ይቀራል የሚል እንደ ነበረ ለመረዳት አያዳግትም። በእንጦጦ ግርጌ በቀጨኔ የሰፈሩት አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ከተማዪቱን በሥራቸው ሲያገለግሉ ኖረዋል። አዋጁ ግን ስድቡን ከሕግ እንጂ ከሰው አፍ ቶሎ ለማውጣት አልቻለም። ልጁ የአባቱን ሙያ እንዳይወርስ የሚመኝ አባት በበዛበት ስፍራ የእጅ ጥበብ ወደ ፋብሪካ ደረጃ ሊያድግ አይችልም። ቀለህ መሙላት ከዕለት ሙያነት አልፎ የአገር ኢንዱስትሪ ለመሆን ያልበቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

5፤ ጥይት በገበያ

በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜና በ20ኛው መጀመሪያ የውጅግራ ጥይት ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራበት ነበር። ነገሩ በቂ ምክንያት አለው። ብር ትልቅ ነው፤ ለዶሮና ለዕንቁላል መግዣ አይመነዘርም። አሞሌ ይሰበራል፣ በዝናብም ይሟሟል። ጥይት ግን መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፤ አይበሰብስም፤ ሁሉም ይፈልገዋል፤ በዝናር ተሰክቶ ያለ ቦርሳ ይያዛል። የተተኮሰውም ቀለህ ሊሞላ ስለሚችል ከሙሉው ባነሰ ግምት ዋጋ ነበረው። ስለዚህ ተኳሹ ከተኮሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ ቀለሁን ማንሣቱ ከገንዘቡ የተረፈውን መሰብሰቡ ነበር።

ይህ ገንዘብ ከሌሎች ገንዘቦች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የብር ዋጋ ከፊቱ ይታያል፤ አሞሌ ይላሳል፣ ይመዘናል። የጥይት ዋጋ ግን ውስጡ ነው። በቀለሁ ውስጥ ያለው ደረቅ ባሩድ ይሁን እርጥብ፣ የፋብሪካ ይሁን የጓዳ፣ ከውጭ አይታወቅም። ለማረጋገጥ ያለው መንገድ መተኮስ ብቻ ነው፤ የተተኮሰም ገንዘብ ጠፋ ማለት ነው። ቀለህ መሙላት በተስፋፋ መጠን ጥይትን በገንዘብነት ማመን እየከበደ መሄዱ ከነገሩ ጠባይ የሚመጣ ነው። ከ1887 ዓ. ም. ወዲህ በዐፄ ምኒልክ መልክ የተቀረጸው ብርና ዝርዝሩ፣ በ1898 ዓ. ም. ሥራ የጀመረውም የአቢሲንያ ባንክ ቀስ በቀስ ጥይትን ከገበያ ወደ ዝናሩ መለሱት።

6፤ የየካው ጎረቤታሞች

ከዐድዋ ድል በኋላ የአውሮጳ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ በላኩ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በቀበና ወንዝና በእንጦጦ ግርጌ መካከል ሰፋፊ መሬት ሰጧቸው። የእንግሊዝ፣ የሩሲያ፣ የኢጣሊያና የፈረንሳይ ለጋሲዮኖች ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ወገን ተጎራብተው ሰፈሩ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚለውም ስም እስከ ዛሬ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የአራቱን አገሮች ስም ከጠመንጃዎቹ ስም ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ስናድርና ማርቲኒ ከእንግሊዝ፣ በርዳን ከሩሲያ፣ ቬተርሊ ከኢጣሊያ፣ ውጅግራ ከፈረንሳይ የመጡ ናቸው። የእያንዳንዱ ቀለህ መጠን ከሌላው ስለማይገጥም አንድ ጠመንጃ መግዛት ማለት ከዚያ አገር ጋር ጠመንጃው እስኪያረጅ ድረስ መቆራኘት ማለት ነበር።

እነዚሁ መንግሥታት የጥይትን መንገድ በውል ለመዝጋትና ለመክፈት ሥልጣን ነበራቸው። እ. ኤ. አ. በ1890 የተፈረመው የብሩሰልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን የጦር መሣሪያ ይቆጣጠር ነበር። በ1889 ዓ. ም. ሮድ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተዋዋለው ውል ለንጉሠ ነገሥቱ የሚላከው መሣሪያ በዘይላ እንዲያልፍ ቢፈቀድም፣ ፈቃዱ በዚያው በብሩሰልስ ስምምነት የታሰረ ነበር። እ. ኤ. አ. በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉ ጊዜ የመሣሪያ ንግድን የሚመለከት ስምምነትም በዚያው ቀን ፈረሙ። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ. ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ በሳን ዠርማን ስለ ጦር መሣሪያ የተወሰነውን እንድታከብር ተጠየቀች። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ. ም. ከሦስቱ መንግሥታት ጋር የተፈረመው ውል የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መሣሪያ የማስገባት መብት ቢያጸናም፣ በሩ በባዕዳን እጅ መሆኑ አልቀረም፤ ኢትዮጵያ የራሷ ወደብ አልነበራትምና። እ. ኤ. አ. በ1935 ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይላክ ፈቃድ መከልከሉ የደረሰውን ጉዳት ሁሉም ያውቀዋል። ኢጣሊያ ጥይቷን በገዛ ፋብሪካዋ ስለምትሠራ ክልከላው ለእርስዋ ከስም ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

7፤ ጭስ አልባው ባሩድ

ያ ቀን ሲደርስ የጓዳ ሙሌት የቀድሞ አገልግሎቱን ለመስጠት የማይችልበት ሌላ ምክንያት ተጨምሮ ነበር። ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ እ. ኤ. አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድን አገኘ። ይህ ባሩድ ከከሰልና ከድኝ አይሠራም፤ ጥጥ በብርቱ አሲዶች ተለውጦ የሚወጣ የፋብሪካ ውጤት ነው። ለእርሱ የተሠሩት አዳዲስ ጠመንጃዎች አፋቸው ጠባብ፣ ዓረራቸው በመዳብ የተለበሰ፣ ፍጥነታቸውም ከቀድሞው እጥፍ ሊሆን የሚቃረብ ነው። በእነዚህ ውስጥ ጥቁር ባሩድና ልብስ የሌለው እርሳስ ቢገባ ጠመንጃው ቶሎ በጥቀርሻና በእርሳስ ይደፈናል፤ ኃይሉም ይወድቃል። እንዲህ ከአራቱ የጥይት ክፍሎች አገር ቤት ይሰጣቸው የነበሩት ሁለቱ ደግሞ ከእጅ ወጡ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመን አርበኛው ዋና የጥይት ምንጭ ያደረገው የጠላትን መጋዘንና የወደቀውን ወታደር ዝናር ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ውጊያ የሚካሄደው ቦታ ለመያዝ ሳይሆን ለነገው ውጊያ የሚሆን ጥይት ለማግኘት ነበር። ይህን ጀግንነት ማድነቅ ተገቢ ነው፤ ያስከተለውንም ዋጋ ማስላት ተገቢ ነው። ጥይት በደም የሚገዛበት ሁኔታ የተፈጠረው ከአርባ ዓመት በፊት ካፕሱል፣ ናስና ባሩድ የሚሠራ ቤት በአገሩ ባለመተከሉ ነው።

8፤ ማጠቃለያ

በዚህ አሳብ ላይ ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ አለ። ዐፄ ምኒልክ በዐድዋ ድል ያደረጉት በተሞላ ቀለህ ሳይሆን አስቀድመው ባከማቹት የውጭ ጥይት ስለሆነ፣ የጓዳው ሥራ በታሪክ ውስጥ የሚገባው ስፍራ ትንሽ ነው ሊባል ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. ድል የንግድ ብልሃትና የረጅም ዓመት ዝግጅት ፍሬ ነው። ነገር ግን የተከማቸ ጥይት ለአንድ ጦርነት ይበቃል እንጂ ለአንድ ትውልድ አይበቃም። በጦርነትና በጦርነት መካከል ባለው ጊዜ ጠመንጃው ለአደን፣ ለዘብና ለልምምድ እንዲያገለግል፣ የተኳሹም እጅ እንዳይረሳ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ቀለህ መሙላት ነው። ከዚህም በላይ አንጥረኛው ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እንደሚጎድለው ለይቶ የሚያሳይ ነበር። ከመንግሥት የሚጠበቀው የጎደለውን ማሟላት ነበር። በአምቦ አጠገብ የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ የተቋቋመው ግን በደርግ ዘመነ መንግሥት ነው።

ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት የተከለከለ ስለሆነ ቀለህ መሙላት የታሪክ እንጂ የጓዳ ጉዳይ አይደለም። ለታሪክ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። በየካና በእንጦጦ አካባቢ የአያቶቻቸውን ዝናር ከነቀለሁ በሣጥን ያኖሩ ቤተ ሰቦች አሉ። በቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀረጸው የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ካፕሱሉ ደጋግሞ የወጣበት ጭረት ስንት ጊዜ እንደ ተሞላ ያመለክታል። በአንጥረኞች አፍ ያሉት የመሣሪያና የሥራ ስሞችም ሳይጻፉ አርጅተዋል። ጠመንጃዎቹን የሚቆጥር ጥናት በጽሕፈት ቤት መዝገብ ሊሠራ ይችላል። የተተኮሰውን ያነሡትንና መልሰው የሞሉትን ሰዎች ታሪክ ለማግኘት ግን ቀለሁን በእጅ ይዞ ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ለብሔረ ሰብ ጥናት ተማሪዎች የተተወ ሥራ ነው።